ክዳን የሌላት የአባቴ ሞተር

የአባቴ ሞተር ሳይክል በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በቤታችን ውስጥ በክብርም እንደዚያው። እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ጥቁር፣ ሆዷ የሰፋ ሞተር ናት። መካኒሳ ባለው ግቢያችን ውስጥ ከዝናብ የተጠለለ አንድ ቦታ ቢኖር የእሷ ነው። የእማዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሶ ሲከርም፣ እሷ ቆርቆሮ ተመትቶላት፣ ሸራ ተደርቦላት ትተኛለች። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ጋቢውን አስቀምጦ የዘይት መቅጃዋን ያነሳና ዙሪያዋን ይዞራል። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠብታ ይደርሰዋል፤ የፍሬኑ ገመድ፣ የመቆሚያው እግር፣ የመስተዋቱ አንገት። እሷን ጨርሶም እጁ አያርፍም፤ የግቢውን በር ማጠፊያ፣ የእማዬን መቀስ፣ አንድ ጊዜም የጎረቤታችንን ጃንጥላ ዘይት አጠጥቷል።

ይህች ሞተር ግን ችግር ነበረባት። የምናወራው ችግሯ ዘይት ማፍሰሷ ነው። በግራ ጎኗ ከኢንጂኑ ወደ ማርሽ ቤቱ ጉልበት የሚያደርስ ካቴና አለ፤ እሱና ፍሪሲዮኑ አንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ ተዘግተው ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ክዳኑ ዘይቱን መያዝ ካቆመ ግን ቆይቷል። እማዬ ከሥሯ ትሪ ታደርግላት ነበር። አንድ ቀን የእድር ሰዎች ሳይታሰብ መጡና በጥድፊያ ቆሎው በዚያው ትሪ ቀረበ። ሁሉም እያፈሱ ቃሙ። አንዷ እንዲያውም "ምን ብታሺው ነው እንዲህ ወዝ ያለው?" ብላ ጠየቀች። እማዬ እንግዶቹን በር ድረስ ሸኝታ ስትመለስ አባቴ ፊት ቆማ "ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!" አለች። አባቴ ወዲያው አለመመለሱ ነገሩን አባባሰው።

የማናወራው ደግሞ የአባቴ ግራ እጅ ነው። ባለፈው ዓመት ታሞ ተኝቶ ነበር። ሲነሳ እግሩም አፉም እንደ ድሮው ሆኑ፤ አፉ እንዲያውም ብሶበታል። ግራ እጁ ግን ጉልበቱን ይዞ አልተነሳም። ኩባያ ይይዛል፣ ቁልፍ ይዘጋል፤ የፍሪሲዮኑን መያዣ ሊስብ ሲል ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ፍሪሲዮን ካልተሳበ ማርሽ አይገባም፤ ማርሽ ካልገባ ሞተር ማለት ወንበር ነው። አባቴ ግን እጄ ደከመ አይልም። "ገመዷ ደርቋል" ይልና ዘይት ያጠጣዋል። በማግስቱም ያው ነው፤ እንደገና ያጠጣዋል።

አንድ ጠዋት ከመስኮት ሆኜ አየሁት። ሸራውን ገልጦ ተቀመጠባት፤ ግራና ቀኝ ቃኝቶ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ መያዣውን በሁለት እጁ ሳበው። መጣለት። ግን በሁለት እጁ ፍሪሲዮን የያዘ ሰው በምኑ ነዳጅ ይሰጣል? ለቀቀው። ወርዶም ሸራውን መልሶ አለበሳት። አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን በኋላ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ይህችን ሞተር፣ ለአንድ ጊዜም ቢሆን፣ ራሱ እንዲነዳት።

ላፍቶ፣ ሴራሚክና የበር እጀታ ከሚሸጡት ሱቆች ጀርባ፣ አንድ የሞተር ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ሥራ ያውቃል፤ ጠባዩም መልካም ነው፤ ችግሩ ፊቱ የቆመውን ሰው ሁሉ ማስደሰት መውደዱ ነው። ሄጄ ነገርኩት፤ ስለ ዘይቱም ስለ እጁም።

"ወንድሜ፣ ምርጫ አለህ" አለኝ። "ወይ ካቴናውን በአዲስ ካቴና ቀይረን፣ ክዳኑን አስተካክለን፣ ዘይት ሞልተን እንጸልያለን። ወይ ደግሞ ካቴናውን አውጥተን የጎማ ቺንጋ እንገጥማለን። ቺንጋ ዘይት አይፈልግም። ዘይት ከሌለ ክዳን ለምኔ? እንዲያውም ቺንጋ አየር ይወዳል፤ ክፍት ይሁን። ፍሪሲዮኑም ደረቅ ይሆናል።"

"ደረቅ ሲሆን ምን ይጠቅመኛል?"

ሁለት አሮጌ የፍሪሲዮን ዲስኮች አነሳ። ዘይት የነካቸውን አጋጥሞ አስያዘኝና "አሽከርክር" አለኝ። እንደ ሳሙና ተንሸራተቱ። ሌሎች ደረቅ ዲስኮች ሰጠኝ፤ እነሱ ተናክሰው አልዞር አሉ። "አየህ?" አለኝ። "ዘይት ያለበት እንዳይንሸራተት ጠንካራ ሞላ ያስፈልገዋል። ጠንካራ ሞላ ደግሞ ጠንካራ እጅ ይፈልጋል። ደረቁ በራሱ ስለሚናከስ ለስላሳ ሞላ ይበቃዋል። መያዣውን በትንሿ ጣትህ ትስበዋለህ።"

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ቀጥሎ ግን የቺንጋው ስፋት መጣ። ጠባብ ይሁን ሰፊ? ኢንተርኔት ላይ ብጠይቅ ጥሩ መስሎኝ ገባሁ። ባሕር ማዶ ያሉ፣ በፎቷቸው ሽበታም የሆኑ፣ የልጅ ልጅ ያቀፉ ሰዎች በቺንጋ ስፋት ምክንያት እንደዚያ ሲሞላለጩ ሳይ በአገሬ ሽማግሌዎች ኮራሁ። አንዱ ጠባብ ቺንጋ የሚገጥም ሰው ልጅ ማሳደግ የለበትም ብሏል። ሌላው ሰፊውን የመረጠ ሚስቱ ትፈታዋለች ብሎ መልሷል። መካከለኛውን መረጥኩ።

ከባዱ ሥራ አባቴን ማሳመን ነበር። እጅህ ደክሟል ብዬ አልጀምርም፤ በዚያ በኩል ከመጣሁ ሞተሯን ሳይሆን እኔን ነው ሸራ የሚያለብሰኝ። ስለዚህ በእማዬ ችግር በኩል ገባሁ። ዘይት ማፍሰሷ እንዲቆም ብዬ ነው አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ክዳኗን አውልቀህ ሆዷን ለአደባባይ ልትሰጣት?" አለኝ። "ፋብሪካው ያላሰበውን አንተ አሰብክ?"

"አባዬ፣ ዘመኑ…"

"ዘመኑ! እኔ ከነክዳኗ ጅማ ደርሼ ተመልሻለሁ!"

ያግዘኛል ብዬ ባለጋራዡን ቤት ጠራሁት። ምሳ ቀረበለት። አባቴን እያየ "ጋሼ ልክ ነዎት፣ ካቴናን የሚያህል የለም" አለ። በጠረጴዛ ሥር እግሩን ብረግጠው ወደ እማዬ ዞረና "እናቴ፣ እርስዎም ልክ ነዎት፣ ዘይት ግቢ ያበላሻል" አለ። ሁለተኛ ስረግጠው እኔንም ልክ አደረገኝ። በልቶ፣ ሁላችንንም መርቆ ሄደ። ነገሩን የቋጨችው እማዬ ናት።

"ዘይት አይፈስም?" አለችኝ።

"አይፈስም እማዬ። ዘይት የለማ።"

"ይገጠም!"

"አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?" አለ አባቴ።

"ስለ ቆሎ አውቃለሁ" አለችው።

ቺንጋውና ፍሪሲዮኑ እዚህ ስለማይገኙ ለሥራ ውጭ የምትመላለስ የአክስቴን ልጅ ለመንኩ። "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ አባቴ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። በመጣች ቀን ልቀበላት ሄድኩ። ሻንጣዋን ተቀብዬ፣ ተቃቅፈን፣ "ቺንጋውስ?" ከማለቴ ኮቷን ገለጥ አደረገች። ወገቧ ላይ ታጥቃዋለች። ሻንጣው ሞልቶባት ነው። ጥቁር፣ ሰፋ ያለ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ፤ ቀይ ቀሚሷ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። አውሮፕላን ውስጥ አንዲት ሴት ከየት ገዛሽው ብላ ጠይቃታለች። ማያያዣ የሌለው ድፍን ክብ ስለሆነ በራሷ በኩል ስታወልቀው ታክሲ ተራው በሙሉ ቆሞ አየን። ስትሰጠኝ ቅር ብሏት ነበር።

የፍሪሲዮኑ ክፍል፣ ዲስኮቹ የሚቀመጡበት ጎድጓዳ ብረት፣ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ቤት አድርሼው ጋራዥ ልወስድ ስል ጠፋ። ግቢውን በሙሉ አገላበጥኩ። ከውጭ በመጣ ሻንጣ ውስጥ ለእናት የሚሆን ነገር አለመኖሩ በእኛ ቤት የማይታሰብ መሆኑን ረስቼ ነው። እማዬ ድርሻዋ መስሏት ቡፌ ውስጥ፣ በሠራችው ዳንቴል ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ መሃል አስቀምጣ የላስቲክ አበባ ተክላበታለች። ስነግራት "እኔስ ለድስት ቀዳዳው በዛ ብዬ ነበር" አለች። አበባውን ነቅላ ሰጠችኝ፤ ብዙ ቀን ግን የአክስቴን ልጅ በስልክ አላነጋገረቻትም።

ሞተሯ ጋራዥ ስትፈታ አባቴ አላይም ብሎ ቤት ቀረ። እኔ ግን "የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ" ነውና ካቻቢቴ ይዤ አብሬ ፈታሁ። ክዳኑ ሲወልቅ የስንት ዓመት ጥቁር ዘይት ተዘረገፈ። አባቴ ክዳኑን ወደ ቤት እንዳመጣለት ልኮብኝ ነበርና ጠርጌ ወሰድኩለት። በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አኖረው።

ሥራው ሲያልቅ እኔ እየነዳሁ ወደ ቤት መለስኳት። በዚህ ከተማ የሰው ንብረት ላይ አንድ ነገር ጎድሎ ወይም ተንጠልጥሎ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። በርህን በደንብ ሳትዘጋ ከተነሳህ እግረኛው፣ ሹፌሩ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ሁሉ "በር! በር!" ይሉሃል። የቀሚስ ጫፍ በር ላይ ከተያዘ መንገዱ በሙሉ "ቀሚስ!" ይላል። ደግ ሕዝብ ነው። ደግነቱ ሸክም እንደሚሆን ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

"ብራዘር! ክዳንህ ወድቋል!" አለኝ የሚኒባስ ረዳት፣ ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቶ። አመሰገንኩት። ተሳፋሪዎቹ ያልሰማሁ መስሏቸው በኅብረት ደገሙልኝ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና "ልጄ፣ አንጀቷ ወጥቷል እኮ" አሉኝ።

"ሆን ተብሎ ነው አባቴ።"

"ማነው ሆን ብሎ ያወለቀብህ?" አሉና ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ያን ጊዜ ሰው ተሰበሰበ። ደረቅ ፍሪሲዮን ደግሞ ኢንጂኑ ሳይጠፋ ሞተሯ ስትቆም መንኳኳት ጠባዩ ነው፤ ቆሎ የተቀመጠበት ጣሳ ሲነቀነቅ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አለው። ድምፁን ሲሰሙ ብሎን ፈቷል የሚሉ በአንድ ወገን፣ ሊፈነዳ ነው የሚሉ በሌላ ወገን ሆኑ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። ለሁሉም ሳስረዳ ሳስረዳ ቤት ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። በማግስቱ የሰፈራችን ባለሱቅ ጠርቶ አንድ የመኪና ጎማ ክዳን ሰጠኝ፤ "ዋናው መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁልህ" ብሎ። መንገድ ጠራርጎ ፈልጓል መሰለኝ። ምን ይባላል? ተቀበልኩት።

አባቴ ሞተሯን ሲያይ አልተቆጣም። ቁጢጥ ብሎ ቺንጋውን አየ፤ ፍሪሲዮኑን አየ፤ ኢንጂኑን አስነስቼ መንኳኳቱን ሰማ። "ደርቋል" አለ በሐዘን።

"መድረቅ ነው ያለበት አባዬ። ጠብታ ዘይት እንዳይነካው። አደራ።"

"እኔን ስለ ሞተር ልታስተምረኝ?" አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለቱ መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሊነዳ ተስማማን። ጎረቤቶቻችን በአጥር ላይ አንገታቸውን አስረዘሙ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ከቺንጋው ርቃ ቆመች። አባቴ ኮት ለብሷል። ወጣ ብሎ ተቀመጠባት፤ እኔ በእግሬ መትቼ አስነሳሁለት። ከዚያ ግራ እጁን መያዣው ላይ አደረገ። ሳበው። መጣለት፤ እስከ መጨረሻው፣ በአንድ እጁ መጣለት! ለቀቀና ደግሞ ሳበው። እንደገና። ፊቱን ላለማየት አንገቴን አቀረቀርኩ፤ ካየሁት እንደማለቅስ አውቃለሁ።

አንደኛ ማርሽ አስገባ። ነዳጅ ሰጠና ቀስ ብሎ መያዣውን ለቀቀ። ኢንጂኑ አጓራ። ሞተሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጨመረ። ጩኸቱ ጨመረ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ሞተሯ እዚያው ናት። ደግሞ ሞከረ፤ ያው። አጠፋት። አባቴ ግራ እጁን አነሳና መዳፉን ገልብጦ አየው።

"እጄ ነው" አለ። "አይታዘዘኝም።"

ከታመመ ጀምሮ ይህን ቃል ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። እጁማ ሠርቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ምንድነው? ከጎኔ እማዬ ጮኸች።

"ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ምንድነው? ዘይት የለም አላልከኝም?"

ከሞተሯ ሥር ሲሚንቶው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ተንጣሏል። ጎንበስ አልኩ። ከፍሪሲዮኑ፣ ከዚያ ጠብታ ሊነካው ከማይገባው ደረቅ ፍሪሲዮን፣ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ቀና ስል አባቴ ወደ ሰማይ እያየ ነው።

"አባዬ?"

"ጠዋት ቁልፉን ላመጣ ወጥቼ… ያ መድረቁ አሳዘነኝ" አለ። "ትንሽ አጠጣሁት።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

"እስኪጠግብ።"

ራሴን ይዤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። "ዲስኮቹ ተንሸራተዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው የማትሄደው።"

ነገሩ ቀስ እያለ አባቴ ፊት ላይ ሲወጣ አየሁት። "እጄ አይደለም?" አለ።

"አይደለም። እጅህ ምንም አልሆነ። ዘይቱ ነው።"

"ዘይቱን ያጠጣሁት እኔ ነኝ?"

"አንተ ነህ።"

አባቴ በሕይወቱ ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። መንገድ ጠፍቶበት ደብረ ብርሃን የደረሰ ጊዜ እንኳ የተሳሳተችው ከተማዋ ነበረች። ያን ቀን ግን ከሞተሯ ወርዶ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "እኔ ነኝ!" አለ። ወደ አጥሩ ሄዶ ለጎረቤቶቹ "ጥፋቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!" ብሎ አወጀ። ዓመት በዓል የመጣ ይመስል ነበር። ባለጋራዡን ጠርተነው መጣና እንደ ልማዱ "ጋሼ ልክ ነዎት፣ ትንሽ ዘይት አይጎዳም" ብሎ ሲጀምር አባቴ አቋረጠው።

"ዝም በል! ይጎዳል! ጥፋቴን አትውሰድብኝ!"

ዲስኮቹን አወጣንና በቤንዚን አጥበን ፀሐይ ላይ ዘረጋናቸው። አባቴ ኮቱን አውልቆ አብሮን አጠበ። እማዬ የዘይት መቅጃውን ወስዳ የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ገጥመን ስንጨርስ አባቴ እንደገና ተቀመጠባት፤ እኔ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ፍሪሲዮኑን ሳበ፣ ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀ፤ ሞተሯም ሄደች። በኮብልስቶኑ ላይ እየተንቀጠቀጥን እስከ ዋናው መንገድ ደረስን። አባቴ ሳል በሚመስል ድምፅ ይስቃል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። "አባባ፣ ክዳንዎ ወድቋል!" ያሉትን ሁሉ "አውቃለሁ! ልጄ ነው ያወለቀው!" እያለ መለሰላቸው።

ግቢ ገብተን ከወረድን በኋላ እማዬ ወደ ቤት እስክትገባ ጠበቀ። ከዚያ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ግራ እጁን ዘረጋልኝ።

"እስቲ አምጣ እጅህን" አለ።

ሰጠሁት። ጨበጠኝ። ጥርሱን ነክሶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ባለው ኃይል ሁሉ ጨመቀኝ። ከመሞቁ በቀር ምንም አልተሰማኝም።

"አመመህ?" አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

"በጣም" አልኩት።